ሮበርት ኮኽ እና የሚያንቀላፋው ባክቴሪያ

የቲቢ (የሳንባ ነቀርሳ) መድኃኒት ጀምረው ሁለት ወር ሞልቶዎት ይሆናል። ሳሉ ቀንሷል፣ የሌሊቱ ላብ ጠፍቷል፣ የምግብ ፍላጎትዎ ተመልሷል፣ በአክታዎም ውስጥ ባክቴሪያ አልታየም። ሐኪሙ ግን ገና አራት ወር ይቀርዎታል ይላል። ወይም ደግሞ ለጉዞ፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት በተደረገ ምርመራ የቲቢ ባክቴሪያ በሰውነትዎ ውስጥ እንዳለ ተነግሮዎት፣ ምንም ሳያምዎት መድኃኒት እንዲወስዱ ተጠይቀው ይሆናል። በሁለቱም ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ካላመመኝ መድኃኒቱ ምን ላይ ነው የሚሠራው?

መልሱን ለመረዳት የቲቢን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ያሳየውን የጀርመናዊውን ሐኪም የሮበርት ኮኽን ሕይወት ማወቅ ይጠቅማል። ኮኽ ባክቴሪያ ክፉ ቀንን ተሸሽጎ ማሳለፍ እንደሚችል በወጣትነቱ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ታላቁን ዝና ያገኘው በቲቢ ነው፤ ትልቁ ውድቀቱም በዚያው በቲቢ ላይ ደረሰበት። የከሸፈው መድኃኒቱ ግን አልተጣለም፤ ዛሬ ክንድ ላይ ተወግቶ ከሁለትና ከሦስት ቀን በኋላ የሚለካው የቲቢ ምርመራ ከእሱ የመጣ ነው። ባክቴሪያው በምን ዘዴ እንደሚያንቀላፋ መታወቅ የጀመረው ኮኽ ከሞተ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች፣ በተለየ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወረዳው ሐኪም እና አባ ሰንጋ

ኮኽ ዲሴምበር 11 ቀን 1843 በጀርመን፣ በሃርዝ ተራሮች መካከል በምትገኘው ክላውስታል በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ በማዕድን ሥራ ኃላፊ ነበር፤ ቤታቸውም ልጅ የበዛበት ነበር። በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማር ከመምህራኑ አንዱ ያኮብ ሄንለ ነበር። ሄንለ ተላላፊ በሽታን የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ናቸው ብሎ ከጻፈ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታን ከመጥፎ አየር ጋር ያያይዙት ነበር፤ ቲቢን ደግሞ ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ አድርገው የሚያዩት ጥቂት አልነበሩም።

በ1866 ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመት ኤሚ ፍራትስን አገባ፤ በ1868 አንዲት ልጃቸው ጌርትሩድ ተወለደች። ዓለምን የመዞር ምኞት ነበረው፤ ኑሮ ግን ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው ትንሽ ከተማ አዟዟረው። ፕሩሲያና ፈረንሳይ ሲዋጉ በሐኪምነት ዘምቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1872 ቮልሽታይን በምትባል ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ከተማ የወረዳ ሐኪም ሆነ። ቀን ሕመምተኛ ያያል። የቀረውን ጊዜ ሚስቱ በስጦታ በሰጠችው ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ያሳልፋል። ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የሚሠራው በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ነበር።

በወረዳው በጎችንና ከብቶችን የሚፈጀው አባ ሰንጋ ነበር። በሞቱት እንስሳት ደም ውስጥ በትር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደሚታዩ ከኮኽ በፊት ሌሎች ተናግረዋል። ሆኖም አንድ ነገር አልገጠመም። በትሮቹ ከእንስሳው ውጭ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ፤ ከብት የሞተበት መስክ ግን ከዓመታት በኋላም በላዩ የሚግጠውን እንስሳ ይገድላል። ይህን የእኛም አገር ገበሬዎች ያውቁታል፤ አባ ሰንጋ የገደለው ከብት የተቀበረበትን ቦታ ይሸሻሉ። ባክቴሪያው ከሞተ መስኩን ምን መርዛማ አደረገው?

ኮኽ ከበሬ ዓይን ፈሳሽ እያወጣ በትሮቹን በጠብታ ውስጥ ማሳደግ ጀመረ፤ ሰዓት እየቆጠረም ተመለከታቸው። በመጀመሪያ ተራዘሙ፤ እንደ ክር ሆኑ። ኋላ ኑሮው ሲከፋባቸው በክሩ ውስጥ እንደ ዶቃ የሚያብረቀርቁ ክብ ነገሮች ተሰለፉ፤ ክሩ ጠፋ፣ ዶቃዎቹ ቀሩ። ደረቁ፣ ቆዩ፣ አልሞቱም። አዲስ ፈሳሽ ሲያገኙ እንደገና በትር ሆኑ፤ አይጥ ውስጥ ሲገቡም ገደሉ። ዛሬ ስፖር የምንላቸው እነዚህ ናቸው፤ ባክቴሪያው ራሱን በጠንካራ ልባስ ጠቅልሎ የሚቆይባቸው ፍሬዎች ማለት ነው። በ1876 ኮኽ ዕቃውን ይዞ ብሬስላው ወደሚገኘው ወደ ዕውቁ የዕፅዋት ሊቅ ፈርዲናንድ ኮን ሄደ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉንም በፊታቸው ሠርቶ አሳያቸው። ማንም የማያውቀው የገጠር ሐኪም ስም ከዚያ ወዲያ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነጥብ ይያዙልኝ። ኮኽ ያኔ ያሳየው ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያ ሁለት ዓይነት ኑሮ እንዳለው፣ ሲጠግብ እንደሚባዛ፣ ሲቸግረው ደግሞ ሥራውን አቁሞ እንደሚጠብቅ ጭምር ነው። በእኔ አስተያየት ከሥራዎቹ ሁሉ ለዛሬ የቲቢ ሕመምተኛ ቅርብ የሆነው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ በአባ ሰንጋ ላይ የተሠራ ቢሆን።

ማርች 24 ቀን 1882

በ1880 ኮኽ በርሊን ወደሚገኘው የመንግሥት የጤና ቢሮ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ከሚሞቱ ሰባት ሰዎች አንዱን የሚገድለው ቲቢ እንደሆነ ይነገር ነበር። ባክቴሪያውን ግን ማንም ሊያየው አልቻለም፤ ምክንያቱም የቲቢ ባክቴሪያ ሰም በመሰለ ሽፋን የተሸፈነ ስለሆነ ተራ ቀለም አይዘውም። ኮኽ ናሙናውን በሰማያዊ ቀለም ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አቆይቶ፣ ከዚያ ቡናማ ቀለም ሲያክልበት፣ በቡናማው መስክ ላይ ቀጫጭን ሰማያዊ በትሮች ታዩት።

ማየቱ አልበቃውም፤ ከሰውነት ውጭ ማሳደግ ነበረበት። እዚህ ላይ ሌላው ሰው ተስፋ በቆረጠ ነበር። ሌሎች ባክቴሪያዎች በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ለዓይን የሚታይ ክምር ይሠራሉ። የቲቢው በረጋ የደም ውሃ ላይ ተዘርቶ፣ በሰውነት ሙቀት ተቀምጦ፣ ሳምንት አልፎ ምንም አልታየም። ኮኽ አልጣለውም። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እንደ ቅርፊት ደረቅ የሆኑ ነጥቦች ብቅ አሉ። አንድ የአንጀት ባክቴሪያ ሲመቸው በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል፤ የቲቢ ባክቴሪያ ግን ጥሩ ምግብ እያገኘም ቢሆን ሃያ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ዛሬም የአክታዎ የማሳደግ ምርመራ ውጤት ሳምንታት የሚወስደው ላቦራቶሪው ስለዘገየ ላይሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ራሱ ዝግተኛ ነው።

ማርች 24 ቀን 1882 ማታ በርሊን ውስጥ በአንድ ትንሽ የሐኪሞች ስብሰባ ፊት ግኝቱን አቀረበ። ይህ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 15፣ የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ የሚታሰበው ስለዚህ ነው። ተናግሮ ሲጨርስ የተቃወመም የጠየቀም አልነበረም።

በዚያው ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ ኮኽ የቲቢ ባክቴሪያም እንደ አባ ሰንጋው ስፖር ይሠራል ብሎ ጽፏል። በቀለም ያልተነኩ ክፍተቶችን በበትሮቹ ውስጥ አይቶ ስፖር መሰሉት። ግምቱ ስህተት ነበር፤ የቲቢ ባክቴሪያ ስፖር አይሠራም። ግን ለምን እንደገመተ ማየት አያስቸግርም። ይህ በሽታ ሰውን ለዓመታት ትቶት ኋላ የሚነሳበት መሆኑ ግልጽ ነበር፤ እንግዲያው ባክቴሪያው የሚቆይበት መንገድ መኖር አለበት። መንገዱ አለ፤ ኮኽ ባሰበው ቅርጽ አይደለም እንጂ።

ቱበርኩሊን

በ1883 እና በ1884 ኮኽ ወደ ግብፅና ወደ ሕንድ ሄዶ የኮሌራን ባክቴሪያ ለይቶ ተመለሰ፤ አገሩ እንደ ጀግና ተቀበለችው። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የቲቢ መድኃኒት።

በኦገስት 1890 በርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ በጊኒ ፒጎች ላይ የሠራለትን ነገር እንዳገኘ ተናገረ። በኖቬምበር ዝርዝሩን አሳተመ፤ ከምን እንደተሠራ ግን ደበቀ። ከየአገሩ ሕመምተኞች ወደ በርሊን ጎረፉ፤ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች ሞሉ። ያኔ ሐኪም የነበረው ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል እንኳ ለማየት መጥቶ ነበር፤ በተስፋው ላይ ጥርጣሬውን ጽፎ ተመለሰ። ቱበርኩሊን የተባለው ይህ ነገር ከባክቴሪያው የተወሰደ በግሊሰሪን የተዘጋጀ ጭማቂ ነበር። የታመመ ሰው ሲወጋው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሐኪሞቹ ይህን የመዳን ምልክት አድርገው አዩት።

አልነበረም። ብዙዎች አልዳኑም፤ የባሰባቸውና የሞቱም ነበሩ። ታዋቂው የአስከሬን ምርመራ ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ በ1891 መጀመሪያ ላይ የሞቱትን መርምሮ ባክቴሪያው እንዳልተገደለ፣ ይባስ ብሎም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሊሰራጭ እንደሚችል አሳየ። የቤተሰብ አባሉን ተሸክሞ በርሊን የመጣው ሰው የደረሰበትን ማሰብ ይከብዳል። ኮኽ የመድኃኒቱን ምንነት መደበቁ እስካሁን የሚወቀስበት ነገር ነው፤ ተገቢም ወቀሳ ነው። በዚያው ጊዜ ትዳሩ ፈርሶ በ1893 ሄድቪግ ፍራይበርግ የተባለች በዕድሜ በጣም የምታንሰውን ሴት አገባ፤ ይህም በከተማው ብዙ አስወራበት።

ኮኽ ቱበርኩሊንን በራሱም ላይ ሞክሮ ነበር፤ የወሰደው መጠን ከባድ ስለነበረ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በኃይለኛ ትኩሳትና ማስመለስ ተያዘ። መጠኑ ብቻውን ሊያሳምም ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዘመን የአውሮፓ ከተማ ነዋሪ የሆነ ጎልማሳ፣ ይልቁንም ከቲቢ ባክቴሪያ ጋር ዓመታት የሠራ ሰው፣ የሚያንቀላፋ ባክቴሪያ በሰውነቱ ይዞ ቢሆን የሚያስገርም አይደለም።

ከውድቀቱ ውስጥ የወጣው ጥቅም ይህ ነው። በ1907 ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ቱበርኩሊንን ቆዳ ላይ በጥቂቱ ጫር አድርጎ አሳረፈ፤ ባክቴሪያውን የሚያውቅ ሰውነት በቦታው ቀልቶ ያብጣል። በማግስቱ ዓመት ፈረንሳዊው ሻርል ማንቱ በቆዳ ውስጥ በመርፌ መስጠትን አመጣ፤ ዛሬ የሚሠራበት የእሱ መንገድ ነው። ያኔ ሐኪሞቹን ያስደነገጣቸው ምንም ያልታመሙ፣ የሚጫወቱና የሚቦርቁ ብዙ ልጆች ቆዳቸው መቅላቱ ነበር። ባክቴሪያው ውስጣቸው አለ፣ በሽታው ግን የለም። ይህን ዛሬ ድብቅ የቲቢ ኢንፌክሽን እንለዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህሉ በባክቴሪያው እንደተያዘ ይገምታል፤ ከነዚህ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው።

የኮኽ ቀሪ ዘመን ባብዛኛው በጉዞ አለፈ። በ1896 መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጠርቶ ከብቱን ይጨርስ በነበረው ደስታ በሚባለው በሽታ ላይ ሠራ። ይኸው በሽታ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በኢትዮጵያ በሬውን ፈጅቶ አያቶቻችን ክፉ ቀን ያሉትን ረሃብ ያመጣ ነው። በ1905 ለቲቢ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1906 እና በ1907 በቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች ላይ የእንቅልፍ በሽታ የያዛቸውን አፍሪካውያን አቶክሲል በሚባል አርሰኒክ ባለበት መድኃኒት አከመ፤ መጠኑን ከፍ ሲያደርግ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ። ስለ ኮኽ የሚጻፉ የምስጋና ጽሑፎች ይህን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ሜይ 27 ቀን 1910 በባደን-ባደን በልብ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 66 ነበር። አመዱ በርሊን ውስጥ በስሙ በተሰየመው ተቋም ውስጥ አርፏል።

አስማተኛው ነጥብ

ኮኽ ሲሞት ቲቢን የሚገድል መድኃኒት ገና አልነበረም። በ1940ዎቹ ስትሬፕቶማይሲን፣ በ1952 ደግሞ አይሶኒያዚድ መጣ። በ1950ዎቹ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቲቢ ባክቴሪያ የያዛቸውን አይጦች ለወራት አከሙ። ሳንባቸውንና ጣፊያቸውን ሲመረምሩ አንድም የሚያድግ ባክቴሪያ አላገኙም። መድኃኒቱን አቁመው ጥቂት ወራት ሲጠብቁ ግን ከአይጦቹ ከፊሎቹ እንደገና ታመሙ። ባክቴሪያው የመድኃኒት መላመድ አላሳየም፤ ያው የቀድሞው ነበር። አልጠፋም ነበር፤ ዝም ብሎ ነበር።

እንዴት ዝም እንደሚል ፍንጩ የተገኘው ከሌላ ባክቴሪያ ነው። በ1969 ማይክል ካሼል እና ጆናታን ጋላንት ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ አሚኖ አሲድ አስራቡት። አሚኖ አሲድ ፕሮቲን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። በባክቴሪያው ውስጥ ያሉትን ኬሚካሎች ነጣጥለው ሲያዩ፣ በጠገበው ባክቴሪያ የማይታይ አንድ ነጥብ በተራበው ላይ ብቅ አለ። ምንነቱ ስላልታወቀ አስማተኛው ነጥብ ተባለ። ኋላ ተለይቶ ሲታወቅ ፒፒጂፒፒ የሚል ስም ያለው ትንሽ ሞለኪውል ሆነ።

ስሙ አያስጨንቅዎ። ዲኤንኤ ኑክሊዮታይድ ከሚባሉ ጡቦች የተሠራ ነው። ሕዋስ እነዚህን መሰል ጡቦች ለሌላም ሥራ ይጠቀምባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ጉልበት ይሸከማሉ፣ አንዳንዶቹ መልእክት ያደርሳሉ። ፒፒጂፒፒ መልእክተኛ ነው። መልእክቱም ምግብ እያለቀ ስለሆነ ግንባታ ይቁም የሚል ነው።

መልእክቱ የሚነሳበት መንገድ ቀላልና ብልህ ነው። ባክቴሪያ ሲያድግ አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያፈሰው ራይቦዞም በሚባሉ የፕሮቲን መሥሪያዎች ላይ ነው። አሚኖ አሲዶች ወደ መሥሪያው የሚደርሱት በተሸካሚዎች ጀርባ ታዝለው ነው። ረሃብ ሲመጣ ተሸካሚዎቹ ባዶአቸውን ይመጣሉ። ሬል የሚባለው ኢንዛይም ባዶ ተሸካሚ መሥሪያው ላይ መቀመጡን ያያል፤ ወዲያው ኤቲፒ ከሚባለው ጉልበት ተሸካሚ ሁለት ፎስፌት ቆርጦ በሌላ ኑክሊዮታይድ ላይ ይለጥፋል። ፒፒጂፒፒ የሚፈጠረው እንዲህ ነው። ሲበዛ አዲስ ራይቦዞም መሥራት ይቆማል፣ መባዛት ይዘገያል፣ ከጉዳት የሚከላከሉ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ። ምግብ ሲመለስ መልእክተኛው ይፈርሳል፤ ባክቴሪያው ሥራ ይጀምራል። በቲቢ ባክቴሪያ ውስጥ በዋናነት የሚሠራውም የሚያፈርሰውም ይኸው አንድ ኢንዛይም ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት አስተዋይ ገበሬ የሚያደርገውን ያስቡ። አዲስ ቤት አይሠራም፣ ድግስ አይደግስም፤ ያለችውን እየቆጠበ ይበላል፤ ለዘር ያስቀመጣትን ግን አይነካም። ፒፒጂፒፒ ባክቴሪያውን የሚያስደርገው ይህንኑ ነው። ሌሎችም ኑክሊዮታይድ መልእክተኞች አሉ። ኮኽ በሕንድ ያገኘው የኮሌራ ባክቴሪያ ሳይክሊክ ዳይጂኤምፒ በተባለው መልእክተኛ አማካይነት በውኃ ውስጥ ተጣብቆ በመንጋ መኖርንና ለብቻ እየዋኙ መሄድን ያፈራርቃል። ከአባ ሰንጋ ጋር በሚዛመዱት የአፈር ባክቴሪያዎችም ፒፒጂፒፒ ወደ ስፖርነት የሚወስደውን በር ከሚከፍቱት አንዱ ነው። ኮኽ በበሬ ዓይን ጠብታ ውስጥ ዶቃዎቹን ሲያይ ከጀርባቸው የነበረው መልእክት እንዲህ ያለ ነበር።

የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከበው ያጥሩታል። በአጥሩ ውስጥ አየር ያንሳል፣ አሲድ ይበዛል፣ ምግብ ይቆጠራል። የሬል ኢንዛይም እንዳይኖረው የተደረገ የቲቢ ባክቴሪያ አይጥ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ እንደሌላው ያድጋል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ግን መቆየት ያቅተውና ቁጥሩ ይመነምናል። ከዚህ የምንረዳው ባክቴሪያው ለዓመታት ተደብቆ ለመኖር ይህን መልእክት እንደሚፈልግ ነው። ብቸኛ መንገዱ ይህ አይደለም፤ አየር ሲያንስ የሚነቁ ሌሎች መከላከያዎችም አሉት። ተመራማሪዎች ይህን ኢንዛይም የሚያግድ መድኃኒት እየፈለጉ ነው፤ ለሕመምተኛ የሚሰጥ ግን እስካሁን የለም።

ወደ እርስዎ ኪኒን ስንመለስ

አይሶኒያዚድ የባክቴሪያውን ግድግዳ አሠራር ያበላሻል። በንቃት የሚባዛውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በብዛት ይገድለዋል፤ ግንባታ ያቆመውን ግን ብዙም አይጎዳውም። ሳልዎ ቶሎ የሚቀንሰው የሚባዙት ስለሚሞቱ ነው። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ በአክታ ምርመራ ላይታዩም ይችላሉ። ሪፋምፒሲን ከእነዚህ አልፎ አልፎ ነቃ የሚለውን ይጠብቃል፤ ፒራዚናማይድ አሲድ ባለበት ቦታ ባዘገመው ላይ ይበረታል። ለተለመደው ቲቢ በብዛት የሚሰጠው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ ቀሪው አራት ወር በሁለት። የኋለኛው አራት ወር ዋና ሥራው ያንቀላፉት ላይ ነው። ሐኪምዎ ሌላ ዓይነት ወይም ሌላ ርዝመት ያለው ሕክምና ካዘዘልዎ የሚከተሉት የእርስዎን ትእዛዝ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ያንቀላፋ ባክቴሪያ መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ አይደለም፤ ሲነቃ ያው መድኃኒት ይገድለዋል። የተላመደው ግን በዘሩ ላይ ለውጥ ያለው ነው፤ ቢነቃም መድኃኒቱ አይነካውም፣ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም ከነመላመዱ ነው። መድኃኒት በመሀል ማቋረጥ ወይም እየዘለሉ መውሰድ የመጀመሪያውን ዓይነት ያስነሳል፤ ለሁለተኛው ዓይነትም መንገድ ይከፍታል።

ባክቴሪያውን የሚያስተኛው ረሃብ የባክቴሪያው ረሃብ እንጂ የሕመምተኛው አይደለም። ይህን የምለው ሰምተው የሚሳሳቱ ስላሉ ነው። በምግብ እጥረት የተዳከመ ሰውነት አጥሩን መጠበቅ ያቅተዋል፤ ያኔ የተኛው ይነሳል። ኤችአይቪ፣ ስኳር በሽታ እና የሰውነትን መከላከያ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም እንዲሁ አጥሩን ያሳሳሉ። ስለዚህ በቻሉት መጠን በደንብ ይመገቡ። በጾም ወቅት ከሆኑ የመድኃኒቱን ሰዓት ከጤና ባለሙያዎ ጋር ይነጋገሩበት እንጂ መድኃኒቱን አይዝለሉ።

በአሜሪካ፣ በእስራኤል፣ በአውሮፓ ወይም በሌላ አገር ሆነው በምርመራ ድብቅ ቲቢ አለብዎት ከተባሉ፣ ያ ማለት ታመዋል ወይም ሌላ ሰው ያስይዛሉ ማለት አይደለም። የቆዳ ምርመራው ብቻውን የተኛውንና የነቃውን አይለይም፤ ለዚህ ነው የደረት ራጅና ስለ ሕመም ስሜቶች ጥያቄ የሚጨመሩት። በልጅነት የተሰጠ የቢሲጂ ክትባትም ቆዳውን ሊያቀላ ስለሚችል የደም ምርመራ ሊታዘዝልዎ ይችላል። ንቁ ቲቢ እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ የሚሰጠው የመከላከያ መድኃኒት የተኙት ሳይነሱ እንዲያልቁ ነው፤ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል።

ሪፋምፒሲን ሽንትዎንና እንባዎን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት የለውም። ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትዎ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ማስመለስ ከበረታብዎት፣ እጅና እግርዎ ከደነዘዘ ወይም ኢታምቡቶል እየወሰዱ ዕይታዎ ከደበዘዘና ቀለም መለየት ካቃተዎት፣ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ጥቂት ቀን መድኃኒት ከዘለሉም አፍረው አይቅሩ፤ የቀረውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘው ሄደው ስንት ቀን እንዳለፈዎት ለባለሙያው ይንገሩ፤ ከየት እንደሚቀጥሉ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው።